መድኃኒት እንጀምርለት ወይስ ይቅር? የአንድ የ9 ዓመት ልጅ ጉዳይ ከጎንደር

ጥቅምት 2017 ዓ.ም. ነው። የእረፍት ደወል ተደውሎ ልጆቹ ግቢ ውስጥ ኳስ ይራገጣሉ። ኳሷ ከበር ወጣች። ጥበቃው ፊቱን አዙሮ ነበር። አቡሽ ተከትሏት ወጣ፤ ግራ ቀኝ አላየም። አንድ አይሱዙ ፍሬኑን ይዞ ልጁ ፊት አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመ። ሾፌሩ ወረደና መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ጉልበቱ ከዳው። አቡሽ ግን ኳሷን ይዞ ተመለሰና ጨዋታውን ቀጠለ።

ማታ እናቱ ደወለችልኝ። "ቲቸር፣ ይሄ ልጅ ሳይሞትብኝ አንድ ነገር እናድርግ" አለችኝ።

አቡሽ ስሙ አይደለም፤ ለዚህ ጽሑፍ ብቻ ነው እንዲህ የምጠራው። የምጽፈው በወላጆቹ ፈቃድ ነው። ትምህርት ቤቱንም ሆስፒታሉንም አልጠቅስም። እኔ እዚያው ትምህርት ቤት የልዩ ፍላጎት መምህርት ነኝ፤ ጉዳዩን ከመጀመሪያው ጀምሮ ተከታትየዋለሁ። መጀመሪያ ላይ ለኤዲኤችዲ፣ ማለትም ለትኩረት ማጣትና ለመቅበጥበጥ ችግር፣ የሚሰጠውን መድኃኒት ከሚቃወሙት ወገን እንደነበርኩም ከወዲሁ ልናገር።

አባቱ ባጃጅ ይነዳል። እናቱ ቅዳሜ ገበያ በርበሬና ሽሮ ትሸጣለች። የሚኖሩት ማራኪ አካባቢ ነው። የአባቱ እናትም አብረዋቸው አሉ፤ እማማ እላቸዋለሁ። በዚህ ቤት ያለ እማማ ፈቃድ ምንም አይደረግም።

አቡሽ ሦስተኛ ክፍል ነው። በክፍሉ 61 ተማሪ አለ። ባለፈው ዓመት 59ኛ ወጥቷል። ቁጭ ብሎ አያውቅም። ጥያቄ ሳያልቅ ይመልሳል፤ መልሱ ብዙ ጊዜ ልክ ነው፤ የተጠየቀው ግን ሌላ ልጅ ነው። በአንድ ወር 11 እርሳስ ጥሏል፤ እናቱ ቆጥራለች። ከሰሌዳ ሲገለብጥ ሁለት መስመር ይጽፍና ዓይኑ መስኮቱ ላይ ይቀራል። ባልደረቦቼ "ቀልበ ቢስ" ይሉታል። አርጩሜም ቀምሷል፤ ተንበርክኮም ውሏል። አንድ ቀን ቢሮዬ ውስጥ ቅጠል እየሳለ፣ ቀና ሳይል፣ "እኔ እኮ ደንቆሮ ነኝ" አለኝ። ያንን ሲል ድምፁ ውስጥ ኀዘን አልነበረም። ዕድሜውን እንደሚነግር ሰው ነው የተናገረው። ከአይሱዙው ይልቅ እኔን ያስደነገጠኝ ይሄ ነው።

ሆስፒታል ለመሄድ ሦስት ሳምንት ፈጀ። የአእምሮ ሕክምና ክፍል ነው የተባልነው። አባቱ ባጃጁን ርቆ አቁሞ በእግሩ መጣ። "ሰው ቢያየኝ ልጄን እብድ ይሉታል" አለኝ። አልፈረድኩበትም።

ሐኪሟ መድኃኒት የሚለውን ቃል በመጀመሪያው ቀን አላነሳችም። ጠየቀች፣ አሁንም ጠየቀች። ጆሮው ይሰማል? ዓይኑ ያያል? ሌሊት ያንኮራፋል? በድንገት ፍዝዝ ብሎ፣ ሲጠሩት ሳይሰማ ቆይቶ ይነቃል? ይሄኛው ጥያቄ ገረመኝ። ለካስ አንዳንድ የሚጥል በሽታ ልጁን ሳይጥለው ለሰከንዶች ብቻ ያፈዘዋል፤ አስተማሪው ደግሞ "ልቡ ሌላ ቦታ ነው" ይላል። ደሙም ታየ፤ የደም ማነስ ያለበት ልጅም ትኩረት ያጣልና። የአቡሽ ሁሉም ደህና ነበር።

ከዚያ ከባዱ ጥያቄ መጣ። "ይሄ ነገር ተኩስ ከመስማቱ በፊት ነበር ወይስ በኋላ የመጣ ነው?"

ሁላችንም ዝም አልን። በክልላችን ጦርነቱ የተነሳው በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። አቡሽ ያኔ ሰባት ዓመቱ ነበር። ትምህርት አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲቋረጥ ነው የከረመው። የፈራ ልጅም ይቅበጠበጣል፤ እንቅልፍ ያጣል፤ በሩ ገጭ ባለ ቁጥር ይበረግጋል፤ ትምህርት አይገባውም። ከውጭ ሲታይ አንድ ዓይነት ነው። ለተኩስ ፍርሃት የትኩረት መድኃኒት መስጠት ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው።

መልሱን ያገኘነው ከአጸደ ሕፃናት መምህርቱ ነው። እኔ ራሴ ሄጄ ጠየቅኳት። ወዲያው አስታወሰችው። "ያ መስኮት ላይ የሚወጣው? ተረት ስነግራቸው ጭኔ ላይ ካላስቀመጥኩት አይሰማም ነበር" አለች። አራት ዓመቱ ነበር፤ ጦርነት የሚባል ነገር አልነበረም። እማማም በቅዳሴ ሰዓት ከቅድስቱ ወደ ቅጽሩ ስንት ጊዜ እንዳስሮጣቸው ተናገሩ።

ሐኪሟ ለቤተሰቡ መስፈርቱን በቀላሉ አስረዳቻቸው። ኤዲኤችዲ የሚባለው፣ ምልክቶቹ ከ12 ዓመት በፊት የጀመሩ፣ ስድስት ወርና ከዚያ በላይ የቆዩ፣ ቢያንስ በሁለት ቦታ፣ ለምሳሌ በቤትም በትምህርት ቤትም የሚታዩና የልጁን ኑሮ በግልጽ የሚያውኩ ሲሆኑ ነው። ትምህርት ቤት ብቻ የሚያስቸግር ልጅ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠየቀው ትምህርት ቤቱ ነው። አቡሽ መስፈርቱን አሟላ። የእንቅልፉ ነገር ግን በእርግጥ ከተኩሱ በኋላ የባሰ ነበር። ሁለቱ ተደራርበውበታል። ስለዚህ እንቅልፉ ቀድሞ እንዲስተካከል ተደረገ፤ ከእማማ ጋር፣ በአንድ ሰዓት፣ ያለ ቴሌቪዥን መተኛት ጀመረ።

ቀጥሎ ያሉትን ስምንት ሳምንታት ያለ መድኃኒት ሠራን። የፊት ወንበር ሰጠነው። ትእዛዝ አንድ በአንድ ሆነ፤ "ደብተርህን አውጣ፣ ቀኑን ጻፍ፣ ገጽ 30ን ግለጥ" ማለት ቀረ። በየ15 ደቂቃው ጠመኔ እንዲያመጣ ወይም ሰሌዳ እንዲያጠፋ ይላካል፤ መነሳቱ ካልቀረ በፈቃድ ይነሳ ብለን። አሥር ጥያቄ ሳይሆን አምስት ይሠራል። ቤት ደግሞ ወላጆቹ ያጠፋውን ከመቁጠር ይልቅ ያደረገውን ቶሎ ማመስገን ተማሩ። አባቱ በዚህ ተቸገረ። "እኔ ተመስግኜ አላደግኩም" አለኝ፤ ግን ሞከረ።

አንድ ነገር ደግሞ አደረግን፤ ኋላ ላይ ነገሩን ሁሉ የፈታው እሱ ነው። ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዛን። የሒሳብ መምህሩና እኔ ተስማማን። በአንድ ክፍለ ጊዜ፣ በ40 ደቂቃ፣ ልጁ ያለ ፈቃድ ስንት ጊዜ ተነሳ? ከሰሌዳ አሥር መስመር ሲጻፍ ስንቱን ገለበጠ? ሌላ ምንም። "ዛሬ ጨዋ ነበር"፣ "ዛሬ አስቸገረ" የሚባል ነገር አይጻፍም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ቁጥሩ በአማካይ 14 ጊዜ መነሳትና 3 መስመር ነበር። ከስምንት ሳምንት በኋላ 10 ጊዜና 4 መስመር ሆነ። ቤት ውስጥ ለውጡ ከዚህ ይበልጣል፤ ጭቅጭቁ በግማሽ ቀንሷል። ክፍል ውስጥ ግን 61 ልጅ፣ አንድ አስተማሪ። በዚህ መካከል ሁለተኛ ጊዜ ከግቢ ወጣ።

ጥር ላይ ሐኪሟ መድኃኒቱን አነሳች። ሜቲልፌኒዴት ይባላል።

የዚያን ቅዳሜ ከሰዓት ቤታቸው ቡና ተፈልቶ ተቀመጥን። ስብሰባ ነው ማለት ይቻላል። ከጥምቀት ወዲህ ነበር። እማማ ልጁን ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ይዘውት ሄደው ጠበሉ ተረጭቶበታል፤ ተስፋቸው እዚያ ላይ ነው። "ሕፃን ልጅ የእብድ ኪኒን አይውጥም" አሉ። እናቱ ዝም ብላለች። አባቱ ግን ያላሰብኩትን ተናገረ።

"መምህርት፣ እኔ ጫት አውቃለሁ" አለ። "ሌሊት ስነዳ ቅሜ አውቃለሁ። እንቅልፍ ይነሳል፣ ምግብ ይዘጋል፣ ልብ ያስመታል፣ ሲለቅ ደግሞ ይደብራል። ሐኪሟ ያችን መድኃኒት ስትነግረን የዘረዘረችው የጎንዮሽ ጉዳት ያው ነው። ልጄን በዘጠኝ ዓመቱ ጫት ላስቅመው?"

መልስ አልነበረኝም። ሰኞ አብረን ሄደን ለሐኪሟ እንዳለ ነገርናት። አልሳቀችም፤ አላጣጣለችውምም። "አልተሳሳቱም፤ በሥራቸው ዘመዳሞች ናቸው" አለችው። ሁለቱም አነቃቂ ናቸው። ሁለቱም አእምሮ ውስጥ ዶፓሚን የሚባለውን ንጥረ ነገር ከፍ ያደርጋሉ። ልዩነቱ በመጠኑና በፍጥነቱ ነው። በልጅ መጠን ተለክቶ በአፍ የተዋጠ ሜቲልፌኒዴት ቀስ ብሎ ነው የሚደርሰው፤ ምርቃና የለውም። ትኩረትንና ራስን መግታትን በሚመራው የአእምሮ ክፍል ላይ ይሠራል። ቅብጥብጡ ልጅ በአነቃቂ መድኃኒት የሚረጋጋው ለዚህ ነው። "ያለ አግባብ ከተወሰደ ግን ሱስ ሊሆን ይችላል፤ በልዩ ማዘዣ የሚሰጠውም ለዚያ ነው" አለች። በሐኪም ክትትል የወሰዱ ልጆችን ለዓመታት የተከታተሉ ጥናቶች መድኃኒቱ ኋላ ላይ ለሱስ እንደሚያጋልጣቸው አላሳዩም። አባትየው ከዚያ በፊት ሁሉም ሰው "ምንም ችግር የለውም" ሲለው ነበር። እውነቱን የነገረችው እሷ ነበረች፤ ያመናትም ለዚህ ይመስለኛል።

ስለ መድኃኒቱ ያስረዳችንን ላካፍላችሁ፤ ብዙ ወላጅ "አዲስ የፈረንጅ ነገር" ይመስለዋልና። ሜቲልፌኒዴት መጀመሪያ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1944 ስዊዘርላንድ ውስጥ ነው። አነቃቂ መድኃኒት ለልጆች ባሕርይ ሲሰጥ የታየው ደግሞ ከዚያም በፊት፣ በ1937 ነው። ከአሥር ልጆች ሰባቱ ያህል ለውጥ ያሳያሉ፤ ሦስቱ ላያሳዩ ይችላሉ። ትልቁ ጥናት ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የአሜሪካው ነው፤ 579 ልጆች ለ14 ወራት ተከታትሏል። በሚገባ የተመጠነ መድኃኒት ለመቅበጥበጡና ለትኩረቱ ከባሕርይ ሥልጠና ብቻውን በልጧል። ሁለቱ ሲጣመሩ ደግሞ አነስ ያለ የመድኃኒት መጠን በቅቷል። ነገር ግን ልጆቹ ከሦስት ዓመት በኋላ ሲታዩ በቡድኖቹ መካከል የነበረው ልዩነት ጠፍቶ ነበር። እኔ ይህን የመጨረሻውን ወድጄዋለሁ። መድኃኒቱ ለዛሬ ይጠቅማል፤ የልጁን የወደፊት ዕድል ግን ብቻውን አይወስንም።

እማማን ያሳመናቸው ጥናት አልነበረም፤ የንስሐ አባታቸው ናቸው። "ጠበሉንም ያጥምቁት፤ መድኃኒቱንም ይስጡት፤ ሁለቱም የእግዚአብሔር ናቸው" አሏቸው። ሐኪሟም በጠበሉ አልተጣላችም። አንድ ነገር ብቻ ለመነች፤ ልጁ በባዶ ሆዱ እንዳይውል፣ መድኃኒቱም በጠበል ሰበብ እንዳይቋረጥ።

እናትየው እስከዚያ ድረስ ዝም ብላ ነበር። በመጨረሻ አንድ ሐሳብ አመጣች። "ለዘላለም ነው ብላችሁ አትጠይቁኝ። ለስድስት ሳምንት ልስጠው። ደብተሩ ላይ እንቁጠር። ካልጠቀመው ወይ ከጎዳው እናቁም።" ቀጥላም፣ "የሒሳብ መምህሩ መቼ እንደጀመርን አይወቅ። ካወቀ ደህና ሆነ ማለቱ አይቀርም" አለች።

እኔ የተማርኩት መምህርት ነኝ፤ ይህን ያሰበችው ግን በርበሬ ሻጯ ናት። ለሦስት ወር ስንከራከር የከበደን ጥያቄው ማብቂያ ስላልነበረው ነው፤ "መድኃኒት ይጀምር" ስንል ሁላችንም የምንሰማው "ዕድሜ ልኩን ይውጥ" የሚለውን ነው። ቀን ሲቆረጥለት አባቱም ተነፈሰ፣ እማማም ራሳቸውን ነቀነቁ። የሚታዩት ነገሮች ተጻፉ፦ የደብተሩ ቁጥር፣ የምሳ ዕቃው ባዶ ሆኖ መመለሱ፣ የተኛበት ሰዓት፣ ክብደቱ፣ ደግሞም አቡሽ ራሱ የሚለው።

ከመጀመሩ በፊት የደም ግፊቱና የልብ ምቱ ተለካ። ከዘመድ በወጣትነቱ በድንገት ወድቆ የሞተ አለ ወይ ተብሎም ተጠየቀ፤ የለም። ክብደቱ 24 ኪሎ ነበር። 10 ሚሊ ግራም ያላት ኪኒን ለሁለት ተከፍላ ግማሿ ጠዋት ከቁርስ በኋላ፣ ግማሿ ስድስት ሰዓት ከምሳ በኋላ። የቀኑን የምሰጠው እኔ ነበርኩ። አንዷ ግማሽ የምትሠራው ሦስት አራት ሰዓት ያህል ብቻ ነውና። (መጠኑን የጻፍኩት የአቡሽን ታሪክ ለመንገር ነው፤ ለሌላ ልጅ መጠን የሚወስነው ሐኪሙ ብቻ ነው።)

የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነበር። ሆዱን አመመው። ምሳ ዕቃው እንደተሞላ ተመለሰ። አሥር ሰዓት ላይ፣ መድኃኒቱ ሲለቀው፣ በትንሽ ትልቁ ያለቅሳል። እናቱ ሁለት ጊዜ ልታቆም አሰበች። ከዚያ ምግቡን አዛወረችው። መድኃኒቱ ሳይሰጥ በፊት ገንፎ በቅቤ ወይም እንቁላል ጥግብ አድርጎ ይበላል። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ረሀቡ ይመለሳል፤ ያኔ ዋናውን ምግብ ይበላል። ሆዱን ማመሙ በሁለተኛው ሳምንት ተወው።

በሦስተኛው ሳምንት የሒሳብ መምህሩ አስቆመኝ። "ያንን ልጅ ምን አደረጋችሁት? ዛሬ ስድስት ጥያቄ ሠርቶ ልኮልኛል" አለ። አልነገርኩትም። ደብተሩን አየሁ፤ 5 ጊዜ መነሳት፣ 7 መስመር።

ከዚያ ሐኪሟ የጠዋቱን መጠን ትንሽ ጨመረች፤ ቁጥሩ የበለጠ ተሻሻለ። 2 ጊዜ መነሳት፣ 9 መስመር። አስተማሪዎቹ ተደሰቱ። ርእሰ መምህሩ ሳይቀር "አሁን ተማሪ ሆነ" አለ። አርብ ማታ እናቱ መጣች፤ ዓይኗ አብጧል። "ልጄን አጣሁት" አለች። አይዘፍንም። ከእህቱ ጋር አይላፋም። የተጠየቀውን ይመልሳል፤ ከዚያ ዝም። በማግስቱ እኔም ዓይኔን ገልጬ አየሁት። እውነቷን ነው። ፈዟል።

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። የኛ ደብተር መነሳትንና መገልበጥን ነው የቆጠረው። ዘፈን አልቆጠረም። 61 ልጅ ያለበት ክፍል የሚያስተምር ሰው ዝም ያለ ልጅ ሲያይ ልቡ ያርፋል፤ እኔም አርፎልኝ ነበር። መድኃኒቱ ለኛ ዕረፍት ሲባል የሚሰጥ ቢሆን ኖሮ ያ መጠን ትክክለኛው ነበር። ሐኪሟ እናትየውን እንደሰማች ወደ ቀድሞው መለሰችው። "መጠኑ ሲበዛ እንዲህ ይሆናል፤ ደህና አድርገሽ አየሽ" አለቻት። ዘፈኑ በሁለት ቀን ተመለሰ። ቁጥሩም ወደ 5 እና 7። ደብተሩ ላይ ሦስተኛ ዓምድ ጨመርን፤ እናቱ በየማታው የምትሞላው፣ "ዛሬ ሳቀ?" የሚል።

ስድስት ሳምንቱ ሲሞላ ሐኪሟ አቡሽን ብቻውን ጠየቀችው። በኋላ በፈቃዱ ነገረችን። "አሁን ቲቸር ተረት ስታነብ መጨረሻውን እሰማዋለሁ" ብሏታል። እንዲቀጥል ተወሰነ።

ያልተለወጠው ነገርም አለ። ንባቡ። ልጁ ሁለት ዓመት ሙሉ ፊደል ሲቆጠር መስኮት ሲያይ ነው የከረመው። ካዕብና ሣልስ ይምታቱበታል። መድኃኒት ፊደል አያስተምርም። አሁን በሳምንት ሦስት ቀን ከትምህርት በኋላ አብረን እናነባለን፤ ከቁጥሩ ሁሉ ደስ ያለኝ እዚያ ቁጭ ማለቱ ነው። ጓደኛም ገና አላገኘም። ልጆቹ የቀድሞውን አቡሽ አልረሱም።

ግንቦት ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ መድኃኒቱ ከፋርማሲ ጠፋ። ሦስት ሳምንት ያለ እሱ ቆየ። አባቱ "አንድ ሰው በሻንጣ ከአዲስ አበባ ያምጣልኝ" ብሎ ነበር፤ ሐኪሟ ከለከለችው፤ የልዩ ማዘዣ መድኃኒት ከማይታወቅ እጅ አይወሰድም። ስንቆጥር መነሳቱ ወደ 9 ወጣ፤ መስመሩ ወደ 5 ወረደ። ወደ 14 እና 3 ግን አልተመለሰም። የፊት ወንበሩ፣ ጠመኔው፣ ምስጋናው፣ እንቅልፉ፣ የራሳቸውን ድርሻ ይዘው ቆመዋል። መድኃኒቱን ቀድመን ብንጀምርለት ኖሮ ይህን አናውቅም ነበር።

ስህተቴንም ልናገር። በመጀመሪያ መድኃኒቱን የተቃወምኩት "ችግሩ የልጁ ሳይሆን የክፍሉ ነው" ብዬ ነው። ዛሬም ግማሹን አምንበታለሁ፤ 61 ልጅ ለማንም ይበዛል። ግን ክፍሉ 30 እስኪሆን አቡሽ ሊጠብቅ አይችልም። በዚያ ክርክሬ ውስጥ የሚያልፈው የሱ ሦስተኛ ክፍል ነበር፤ "ደንቆሮ ነኝ" እያለ።

ሰኔ ላይ ክብደቱ 24 ኪሎ ከ300 ግራም ነው። ብዙ አልጨመረም፤ ሐኪሟ ቁመቱንም በየጊዜው ትለካለች፤ በረጅም ጊዜ አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ሊቀንስ ስለሚችል። አባቱ አሁንም ሙሉ በሙሉ አላረፈለትም። ጠዋት ኪኒኗን የሚከፍላት ግን እሱ ነው፤ በምላጭ፣ በጥንቃቄ፣ ባጃጁን ከማስነሳቱ በፊት። ክረምቱን መድኃኒት እንዲያርፍ ከሐኪሟ ጋር ተስማምተዋል። መስከረም ላይ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ያለ መድኃኒት እንቆጥርና እንደገና እንነጋገራለን። እናቱ አዲሱን ደብተር ገዝታ ቢሮዬ አስቀምጣለች። ሦስቱን ዓምዶች አቡሽ ራሱ በማስመሪያ አስምሯቸዋል፤ ሦስተኛው ትንሽ ጠሟል።